ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው ወይስ የክለቡ? አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን ኳስ ክለብ ላስገቡ ወላጆች

ቅዳሜ ጠዋት በሰሜን ቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ሜዳ ዳር ከሚቆሙ የእኛ ወላጆች አፍ አንድ ቃል አይጠፋም፤ «ይሄ አሰልጣኝ ምንም አያውቅም»። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን በዚህች ቅሬታ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተቀላቅለዋል፤ የአሰልጣኙ እውቀት፣ ክለቡ ሥራውን ያዋቀረበት መንገድ፣ የልጁ ዕድሜና ዕድገት። እነዚህን ሳይለይ ክለብ የቀየረ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማልያ ገዝቶ፣ ሌላ ዲፖዚት ከፍሎ፣ ያንኑ ቅሬታ ሌላ ሜዳ ዳር ቆሞ ይደግመዋል።

ከጨዋታ ደቂቃ እንጀምር፤ ቤት ውስጥ ትልቁን ኩርፊያ የሚያመጣው እሱ ነው። በአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን አሠራር እስከ 8 ዓመት በታች ያሉት ምድቦች 4 ለ 4፣ ከ9 እና ከ10 ዓመት በታች 7 ለ 7፣ ከ11 እና ከ12 በታች 9 ለ 9፣ ከ13 በታች ጀምሮ 11 ለ 11 ይጫወታሉ። የ7 ለ 7 ጨዋታ ሁለት ጊዜ 25 ደቂቃ ነው፤ ቡድኑ እስከ 12 ልጅ ይይዛል። እስኪ አስሉት። 7 ልጅ በ50 ደቂቃ ሲባዛ 350 ደቂቃ ነው። ለ12 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 29 ደቂቃ ይደርሰዋል። በረኛው ሙሉውን ከቆመ ደግሞ የቀሩት 11 ልጆች የሚካፈሉት 300 ደቂቃ ነው፤ ለእያንዳንዱ 27። በ9 ለ 9፣ ጨዋታው 60 ደቂቃ ሆኖ 16 ልጅ ከተመዘገበ 34 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ 27 ደቂቃ የተጫወተ ልጅ አልተበደለም፤ ድርሻውን አግኝቷል። ሳምንት በሳምንት 10 ደቂቃ የሚያገኝ ልጅ ግን ተበድሏል። ልዩነቱ የሚታወቀው በስልክ ላይ ሲመዘገብ ነው፤ ልጁ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ለአራት ወይም ለአምስት ጨዋታ ጻፉ። አንድ ጨዋታ አይበቃም፤ አንድ ቀን በረኛው ይቀራል፣ አንድ ቀን ሦስት ልጅ ይታመማል።

በዚህ ስሌት ውስጥ አሰልጣኙ እጁ የሌለበት አንድ ቁጥር አለ፤ 12 የሚለው። አብዛኛውን ጊዜ ስንት ልጅ እንደሚመዘገብ የሚወስነው ክለቡ ነው። በ10 ልጅ ቢጫወቱ ለእያንዳንዱ 35 ደቂቃ ይደርስ ነበር። ሁለቱ ተጨማሪ ልጆች ለክለቡ የሁለት ልጅ ክፍያ ናቸው፤ ለልጃችሁ ግን ከየጨዋታው 6 ደቂቃ ተቀናሽ። በዚህ ላይ አንዳንድ ሊግ ክለቡ በጨዋታ ቀን ከሌላ ቡድኑ ልጅ አምጥቶ እንዲያሰልፍ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የሚጠየቁት ሁለት ጥያቄዎች «ስንት ልጅ ይመዘገባል?» እና «ከላይኛው ቡድን እየመጡ የሚጫወቱ ልጆች ይኖራሉ?» የሚሉት ናቸው። ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ አሰልጣኙን ስለዚህ መውቀስ እሱ ያልያዘውን ገንዘብ እንደ መጠየቅ ነው።

ልምምዱን ማየት ከጨዋታው ይበልጣል። ብዙ ወላጅ ልጁን አውርዶ ወደ ሥራ ወይም ወደ ገበያ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ውጤቱን አይቶ ይፈርዳል። በወር አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን ሙሉውን ልምምድ ቆማችሁ እዩ። ልምምዱ መሀል ላይ ሲደርስ 10 ደቂቃ ምረጡና ዓይናችሁን ከራሳችሁ ልጅ ላይ አታንሱ። ኳስ ስንት ጊዜ ነካ? ስንት ደቂቃ ሰልፍ ላይ ቆመ? አሥራ ሁለት ልጅ በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ተራ በተራ ጎል ሲመታ፣ አንዱ ተራ 10 ሰከንድ ቢፈጅ ልጁ እንደገና የሚደርሰው ከ2 ደቂቃ በኋላ ነው፤ በ10 ደቂቃ አምስት ምት። እነዚያኑ ልጆች በሦስት ረድፍ ቢከፍሏቸው አሥራ አምስት ምት ይመታሉ። 3 ለ 3 በትንሽ ሜዳ ቢያጫውቷቸው ደግሞ ሰልፍ የሚባል ነገር አይኖርም፤ መቀበሉ፣ ማቀበሉ፣ ማለፉ፣ መቀማቱ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ አሰልጣኞች ሲማሩ ከሚነገራቸው አንዱ «ሰልፍ አይብዛ፣ ሜዳ መዞር አይብዛ፣ ንግግር አይብዛ» የሚል ነው። ፌዴሬሽኑ ለታዳጊ አሰልጣኞች በሚሰጠው ኮርስ የልምምዱ ቅርጽ ጨዋታ፣ ከዚያ ልምምድ፣ ከዚያ እንደገና ጨዋታ ነው፤ ልጆቹ እንደ ደረሱ ትንሽ ጨዋታ ይጀምራሉ፣ መሀል ላይ አንድ ነገር ተለይቶ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ያው ነገር በጨዋታ ውስጥ ይሞከራል።

እዚህ ላይ የራሳችን አስተዳደግ ያሳስተናል። ጮክ ብሎ የሚያዝ፣ ልጆቹን ሜዳ እያዞረ የሚያስሮጥ፣ ያጠፋን በፑሽአፕ የሚቀጣ አሰልጣኝ ለእኛ «ጠንካራ» መስሎ ይታያል። ለ9 ዓመት ልጅ ግን ያለ ኳስ ሜዳ መዞር በትንሽ ሜዳ ጨዋታ ከሚያገኘው የበለጠ ምንም አይሰጠውም፤ በ75 ደቂቃ ልምምድ ውስጥ 20 ደቂቃ ሩጫና 15 ደቂቃ ንግግር ካለ ግማሹ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ከሩጫው የባሰው ደግሞ ከመስመር ዳር ሆኖ እያንዳንዷን ኳስ የሚመራ ድምፅ ነው፤ «ጠልዘው! አቀብል! ተመለስ!»። ልጁ ቀና ብሎ ማየት ይተውና ትዕዛዝ መጠበቅ ይለምዳል። በአንጻሩ ጥሩ አሰልጣኝ ጨዋታውን ያስቆማል፣ ግማሽ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አንድ ነገር ያሳያል፣ «ክፍት ቦታው የት ነበር?» ብሎ ልጁን ራሱን ይጠይቃል፣ ያስቀጥላል። ከሁለት ወር በኋላ የሚታይ ምልክት አለ፤ ኳስ ወደ ልጃችሁ ስትመጣ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ያያል? ይህን የጀመረ ልጅ አንድ ሰው አስተምሮታል ማለት ነው፤ ቡድኑ ቢሸነፍም።

ማሸነፍ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ከ10 እና ከ12 ዓመት በታች ውስጥ ቀድሞ የረዘመ አንድ ፈጣን ልጅ ፊት ላይ፣ ሩቅ የሚለጋ አንድ ልጅ ኋላ ላይ ካለ ቡድኑ ያሸንፋል፤ መሀል ያሉት ስድስት ልጆች ኳስ ከላያቸው ስታልፍ ያያሉ። ክለቡ ፎቶውን ይለጥፋል፣ ወላጅ ደስ ይለዋል። 13 ዓመት ሲሞላቸውና ሜዳው ሲሰፋ ሌሎቹም ይረዝማሉ፤ ያኔ ቅብብል ያልተማረ ቡድን መፈራረስ ይጀምራል። በ7 ለ 7 ሜዳ ላይ ያለው ተጨማሪ መስመር፣ በረኛው ኳስ ሲይዝ ተጋጣሚው ወደ ኋላ የሚመለስበት፣ የተሠመረው ልጆቹ ከኋላ ጀምረው በእግር እንዲያወጡ ነው፤ በረኛው ከእጁ ለቅቆ እንዳይለጋ የተከለከለውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ተከላካዮቹን አቀባብሎ እንዲያወጡ አድርጎ በመስከረም ሦስት ጎል የገባበት አሰልጣኝ ላይ አትፍረዱ። በኅዳር አምስቱ ልጆች ኳስ ሲይዙ የማይደነግጡ ከሆነ የከፈላችሁለትን እያገኛችሁ ነው። ቦታ መቀያየርንም ተመልከቱ፤ በ9 ዓመቱ ዓመቱን ሙሉ በረኛ ብቻ፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ ቀኝ ተከላካይ ብቻ የሆነ ልጅ እየተማረ ሳይሆን የቡድን ቀዳዳ እየደፈነ ነው።

የልደት ወር ነገርም አለ። ከ2017 ጀምሮ የዕድሜ ምድብ የሚቆጠረው በልደት ዓመት፣ ከጥር 1 ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ የተወለዱት በምድባቸው ትንንሾቹ ስለሚሆኑ «ደካማ» ተብለው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቡድን የሚመደቡት ብዙ ናቸው። ትልልቆቹ የታዳጊ ድርጅቶች ከ2026–27 የውድድር ዘመን ጀምሮ ወደ ነሐሴ 1 – ሐምሌ 31 አቆጣጠር ይዞራሉ (ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በጥቅምት 2015 የተወለደ ልጅ እስካሁን ከምድቡ ታናናሾች አንዱ ነበር፤ በአዲሱ ከነሐሴ 2015 እስከ ሐምሌ 2016 በተወለዱት ውስጥ ስለሚገባ ከታላላቆቹ አንዱ ይሆናል። በመጋቢት 2015 የተወለደው ግን ከ2014 መጨረሻ ልጆች ጋር ይመደባል። አብረው የቆዩ ቡድኖች ለሁለት ስለሚከፈሉ፣ ልጃችሁ ከጓደኞቹ ተለይቶ ሲመደብ አሰልጣኙ ጠልቶት እንዳይመስላችሁ፤ ቡድኖቹ እንዴት እንደሚዋቀሩ ከትራይአውቱ (ክለቡ ልጆችን ፈትኖ ለቡድን ከሚመርጥበት ቀን) በፊት ጠይቁ።

የአሰልጣኝ ፈቃድ ምን ይነግረናል? ትንሽ ነገር፣ ግን የሚጠቅም። ፌዴሬሽኑ ለመጀመሪያ ደረጃ በ4 ለ 4፣ 7 ለ 7፣ 9 ለ 9 እና 11 ለ 11 የተከፈሉ አጫጭር ኮርሶች አሉት፤ በጥቂት ሰዓት የሚያልቁ ናቸው። ከዚያ ዲ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ እነዚህ ጊዜና ተግባራዊ ሥራ ይጠይቃሉ። «ፈቃድ አለኝ» የሚል ሁሉ የትኛው እንደሆነ ይናገር። ነገር ግን ሲ ፈቃድ ይዞ ከ8 ዓመት ልጅ ጋር መግባባት የማይችል አለ፤ ትንሿን ኮርስ ብቻ ወስዶ ልጆቹን እየሳቀ የሚያስተምርም አለ። «ድሮ ክለብ ይጫወት ነበር» የሚለው ምስክርነት ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ክብደት ሊሰጠው ይገባል፤ መጫወትና ማስጫወት የተለያየ ሙያ ነው።

ከፈቃዱ ይልቅ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፤ አሰልጣኙ ስንት ቡድን ይዟል? የቅሬታው ሁሉ ሥር ያለው እዚህ ነው። አብዛኞቹ የክለብ አሰልጣኞች የትርፍ ሰዓት ሠራተኞች ናቸው፣ ብዙዎቹ በቡድን ይከፈላቸዋል፤ አንድ ቡድን ኑሮን ስለማይሞላ ሁለት፣ ሦስት ይይዛሉ። ሦስት ቡድን ያለው ሰው ቅዳሜ በተመሳሳይ ሰዓት በሁለት ከተማ ጨዋታ ይኖረዋል። ልጃችሁን በሳምንቱ ውስጥ ያላየ ረዳት ይመጣና በማያውቀው ቦታ ያሰልፈዋል። ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው እየነዳ የሚመጣ አሰልጣኝ የልምምድ እቅድ ሳያወጣ ይደርሳል፤ ያኔ ነው ያ የ12 ልጅ ሰልፍ የሚመጣው። ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይምሰላችሁ። በግንቦት ትራይአውት ላይ ልጁን የመረጠው አሰልጣኝ በነሐሴ ላይኖር እንደሚችልም እወቁ። «በመጸው ወራት ይህን ቡድን የሚይዘው ማን ነው? ሌላ ስንት ቡድን ይዟል? ጨዋታ ሲጋጭበት ማን ይተካዋል?» ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱም በኢሜይል ይምጣ። ይህን ጽፎ ለመመለስ የሚያመነታ ክለብ አስቀድሞ መልሶላችኋል።

ክለቦች በአንድ ዕድሜ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቡድን ያወጣሉ፤ ክፍያው ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ነው፣ አሰልጣኙ ግን አይደለም። ሦስተኛው ቡድን ላይ ያለ ልጅ ቤተሰብ ክፍያው ከሞላ ጎደል ያው ሆኖ ጀማሪ አሰልጣኝ ይደርሰዋል። እኔ እንደማየው፣ ልጁ 9 ወይም 10 ዓመት ከሆነና የተመደበው ሦስተኛ ቡድን ላይ ከሆነ፣ በትንሽ ገንዘብ የሚገባበት፣ ያለ ምርጫ ሁሉም የሚጫወትበት የአካባቢ ሬክ ሊግ አብዛኛውን ነገር ይሰጠዋል፤ በብዙ ሬክ ሊጎች ቢያንስ ግማሹን ጨዋታ መጫወት የደንብ መብት ነው። ክለቦች የሚኩራሩባቸው የትልልቅ የታዳጊ ሊጎች ስም አያስደንግጣችሁ። ኢሲኤንኤል በ2009 በሴቶች የተጀመረ፣ በ2017 ወንዶችን የጨመረ ነው፤ ኤምኤልኤስ ኔክስት የፌዴሬሽኑ አካዳሚ በ2020 ከተዘጋ በኋላ የመጣ ነው። ሁለቱም ዋናውን ውድድር የሚጀምሩት ከ13 ዓመት በታች ላይ ነው። ስሙ የሚናገረው ከማን ጋር እንደምትጋጠሙና ስንት ሰዓት እንደምትነዱ ነው እንጂ ማክሰኞ ማታ ማን እንደሚያስተምር አይደለም። ለ8 ዓመት ልጅ ቤተሰብ «መንገዱ በእኛ በኩል ነው» የሚል ክለብ ገና ያልደረሰ እቃ እየሸጠ ነው።

ስለ ገንዘቡ። የሚነገራችሁ ክፍያ ብዙ ጊዜ ማልያውን፣ ውጭ ከተማ የሚደረጉ ቶርናመንቶችን ሆቴልና የአሰልጣኙን የጉዞ ወጪ አያካትትም፤ በአንድ ወረቀት ላይ ድምሩን ጠይቁ። ከትራይአውት በኋላ የሚመጣው ግብዣ ብዙ ጊዜ በ24 ወይም በ48 ሰዓት ይዘጋል፤ ዲፖዚቱም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን ከትራይአውቱ በፊት አውጡት፤ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ የግብር ወረቀት ወይም ልጁ በትምህርት ቤት የምሳ ድጋፍ እንደሚያገኝ የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ለድጋፍ የተመደበው ገንዘብ ውስን ስለሆነ ዘግይቶ የመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ብዙ ወገኖቻችን ማመልከቱን እንደ ልመና እያዩ ይተዉታል፤ ገንዘቡ ግን ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ ነው። በወር መክፈል ማለት ደግሞ በፈለጉበት ወር ማቆም ማለት አይደለም፤ ልጁ ቢወጣም ብዙ ጊዜ የዓመቱ እዳ ይቀራል። ጉዳት ቢደርስበት ምን እንደሚሆን ውሉ ላይ ፈልጉ። ክለቡ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያስገባው ቅጽ 990 ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ (በአይአርኤስ) ድረ ገጽ ስሙን ፈልጎ ገቢውንና ለደመወዝ የወጣውን ማየት ይቻላል።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ መናገሩ እንሂድ። እኛ መምህር ከብሮ ባደግንበት ቤት የመጣን ነን፤ ይሉኝታው አለ፣ «ልጄን ቂም ይይዝበታል» የሚል ፍርሃት አለ፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን ሜዳ መቆምም ቀላል አይደለም። ከዚህ የተነሳ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ በሰኔ ውልቅ ማለት ነው፤ ክለቡ ለምን እንደወጣችሁ ሳያውቅ ለሚቀጥለው ልጅ ያንኑ ያደርጋል። ሌላው ታፍኖ የቆየው አንድ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ልጆቹ እየሰሙ መፈንዳቱ ነው። እዚህ አገር የተለመደው ከጨዋታ በኋላ 24 ሰዓት መጠበቅ ነው፤ ደግ ደንብ ነው። በማግስቱ ለአሰልጣኙ አጭር መልእክት ጻፉ፤ ስለ ልጁ 10 ደቂቃ እንዲሰጣችሁ፣ ከልምምድ በፊት ወይም በስልክ። ስትገናኙ ስለ ሌላ ሰው ልጅ ፈጽሞ አታንሱ። «ለምን አይጫወትም?» ከማለት «ብዙ እንዲጫወት ምን ማሻሻል አለበት? ቤት ውስጥ ምን እንሥራ?» ማለት መልስ ያስገኛል። አሰልጣኙ ሁለት የተወሰኑ ነገሮች ከነገራችሁ ልጃችሁን ያውቀዋል፤ «ጎበዝ ነው፣ ይበርታ» ብሎ ከሸኛችሁ አያውቀውም። እንግሊዝኛው ካስቸገረ በጽሑፍ ማድረግ አያሳፍርም፤ እንዲያውም ማስረጃ ይሆናል። ልጁ 12 ዓመት ካለፈው መጀመሪያ ራሱ ይጠይቅ።

በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ ለዕድሜ ምድቡ ኃላፊ ወይም ለቴክኒክ ዳይሬክተሩ ጻፉ፤ ቀኖቹን፣ የመዘገባችሁትን ደቂቃ፣ አሰልጣኙ ሳይመጣ የቀረባቸውን ልምምዶች ዘርዝሩ። ለአንድ ቤተሰብ ቅሬታ ክለብ አሰልጣኝ በመሀል አይቀይርም። አራት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው፣ በተረጋጋ ቃል፣ ተመሳሳይ ቀንና ቁጥር ከላኩ ግን ችላ ለማለት ይቸገራል። በቫይበር ወይም በዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ተሰብስቦ ማማት ይህን አያደርግም፤ ተቀድቶ አሰልጣኙ ዘንድ ይደርሳል።

ሃያ አራት ሰዓት የማይጠበቅላቸው ነገሮች አሉ። ልጁ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከተደናገረ፣ ካዞረው ወይም ካስመለሰው በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ የሚመለሰው የጤና ባለሙያ ሲፈቅድ ነው፣ አሰልጣኙ «ደህና ነው» ስላለ አይደለም። ዕድሜያቸው 10 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በልምምድም በጨዋታም በቴስታ እንዳይመቱ በፌዴሬሽኑ ደንብ ተከልክሏል፤ ከ11 እስከ 13 ያሉት ደግሞ በልምምድ ላይ ገደብ አላቸው። በዕድገት ወቅት ተረከዙን ወይም ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ የሚያመው ልጅ እያነከሰ «ቻለው» መባል የለበትም፤ ሲቨርስ እና ኦስጉድ ሽላተር የሚባሉት ሕመሞች በዚህ ዕድሜ በሚሮጡ ልጆች ላይ የተለመዱ ናቸው፣ ጭነት ሲቀነስ ይሻላሉ። ከሁሉም በላይ፣ በ2018 የወጣው የፌዴራል ሕግ የልጆችን ደኅንነት በተመለከተ ክለቦችን ይይዛል፤ አሰልጣኝ ከልጅ ጋር ማንም ሊያያቸውና ሊገባባቸው በማይችልበት ቦታ ብቻውን መሆን የለበትም፣ ለልጁ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ ያልተካተተበት የግል መልእክት መላክ የለበትም። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አሰልጣኙን አታነጋግሩ፤ በቀጥታ በስፖርት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን ለሚመረምረው ለሴፍስፖርት ማዕከል፣ ጥቃት ከጠረጠራችሁም ለፖሊስ አመልክቱ። ማዕከሉ የታገዱና የተቀጡ ሰዎችን ስም የያዘ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ ስላለው ከመመዝገብ በፊት የአሰልጣኙን ስም አስገብታችሁ ፈልጉ።

አሰልጣኙ ደካማ ሆኖ ልጁ ግን ጓደኞቹን ወድዶ መቆየት ከፈለገ ጉድለቱ የሚሞላበት መንገድ አለ። በሳምንት አራት ቀን፣ ለ15 ደቂቃ፣ ግድግዳ ላይ በቀኝም በግራም እግር መምታትና ተመላሿን በአንድ ንክኪ ማስቆም። ከዚያ የሚበልጠው ነጻ ጨዋታ ነው። አባቶች ሰፈር ውስጥ ከታላላቆች ጋር እየተጋፉ የተማሩት አብዶ በክለብ ልምምድ አይገኝም፤ የአሜሪካ ልጅ ደግሞ ከልምምድ ውጭ ኳስ የሚነካበት ሰፈር የለውም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከስብሰባ በኋላ ከ8 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችን ቀላቅሎ፣ ሁለት ትንንሽ ጎል ተክሎ፣ ትልልቆቹ ዳር ዝም ብለው ቢቀመጡ ብዙ ይገኛል። ከ1984 ጀምሮ በየክረምቱ ውድድር የሚያዘጋጀው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የሚያገናኛቸው የየከተማው ቡድኖችም አሉ፤ የራሳችን ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የሚገኙት እዚያ ነው። ለግል አሰልጣኝ የምትከፍሉ ከሆነ ግን ለራሱ ለልጁ ቡድን አሰልጣኝ አትክፈሉ፤ ልጁ ቢሰለፍ በገንዘብ ይባላል፣ ባይሰለፍ ደግሞ እናንተ ትቆጫላችሁ።

መልቀቁ የማይቀር ከሆነ ትራይአውቱን አትጠብቁ። በዚህ አካባቢ ትራይአውት ብዙውን ጊዜ በግንቦትና በሰኔ ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ለምታስቡት ክለብ ጽፋችሁ ልጁ አንድ ሁለት ልምምድ በእንግድነት እንዲሳተፍ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ። ያን ቀን የራሳችሁን ልጅ አትዩ። ከቡድኑ ደካማውን ልጅ ፈልጉና እሱን ተከተሉት፤ ኳስ ስንት ጊዜ ነካ፣ ሲሳሳት አሰልጣኙ ምን አለው፣ ስሙን ጠራው ወይ። መኪናችሁ ውስጥ ተመልሳችሁ ያያችሁትን ጻፉ፣ ልጁንም «ምን ተማርክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ዲፖዚቱ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።